ቀይ ናት? የበረዶ ሸርተቴ ፊልም ለመቅረጽ መንገድ ለምትወጡ

አላስካ ውስጥ ሄይንስ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበርን። ወሩ ኤፕሪል ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደመና ተጭኖብን ሞቴል ውስጥ ተቀመጥን። በአሥረኛው ቀን ሰማዩ ተገለጠ። ሄሊኮፕተሩ እኔን አንድ ሸንተረር ላይ አወረደኝ፤ በበረዶ ሸርተቴ የሚወርደውን ስኪተኛ ደግሞ ፊት ለፊቴ ካለው ተራራ አናት ላይ አደረሰው። በሬዲዮ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» አለና ወረደ። ሃያ አምስት ሰከንድ ቢፈጅበት ነው። ታች ሲደርስ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። እኔም ብቻዬን ሸንተረሩ ላይ ጮህኩ። ከዚያ ቀረጻውን ላቁም ብዬ ቁልፉን ስጫን ካሜራው እየቀረጸ መሆኑን የሚናገረው ቀይ መብራት በራ።

በራ። መጥፋት ነበረበት።

ለካ ስዘጋጅ ሳላውቀው አንዴ ተጭኜዋለሁ። ሲቆጥር ስጫነው ያስጀመርኩ መሰለኝ እንጂ ያቆምኩት ያኔ ነው። ካርዱ ላይ የተገኘው የጫማዬ፣ የጓንቴና የባዶ በረዶ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስነግረው ስኪተኛው አልተቆጣም። «ብርሃኑ ግን ያምር ነበር፣ አይደል?» ብሎ ዝም አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ድገመው አይባል ነገር፣ በረዶው ላይ ዱካ ወጥቶበታል። ፀሐይዋም ዞራለች።

ከዚያ ወዲህ ቁልፉን እጫንና የቀረጻውን ቆጣሪ አያለሁ። ቁጥሩ ሲሮጥ በዓይኔ ካየሁ በኋላ በሬዲዮ «ቀይ ናት» እላለሁ። «ቀይ ናት» ሳይባል ከላይ ማንም አይቆጥርም። አዲስ ረዳት ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው። ሌንሱና ካሜራው በኋላ ይደረስበታል።

በረዶውን ተከትሎ መሄድ

የወቅቱ መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጃንዋሪ ላይ ጃፓን፣ ሆካይዶ። ከሳይቤሪያ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ ከውሃው እርጥበት ያነሳል። ደሴቲቱ ተራሮች ላይ ሲደርስ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። ኒሴኮ አካባቢ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋትም ሊጥል ይችላል። በረዶው እንደ ዱቄት የላላ ነው። ፀሐይ ግን ብርቅ ናት። ስለዚህ እዚያ ስትሄዱ ስለ ትልልቅ ተራሮች አታስቡ፤ የምትቀርጹት በርች ዛፎች መሃል ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ። ማርች መጨረሻና ኤፕሪል ላይ አላስካ፣ ሄይንስ ወይም ቫልዲዝ። አላስካ መጨረሻ ላይ የሚደረገው አለምክንያት አይደለም። ቀኑ ረዝሟል። ከውቅያኖሱ የሚመጣው እርጥብ በረዶም ሌላ ቦታ የማይይዝበት ቀጥ ያለ ገደል ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ፊልሙ የሚታየው ቀጣዩ በረዶ ሊጥል ሲል፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ምን እንደቀረጻችሁ ራሳችሁም ትረሳላችሁ።

ኑሮው ይከብዳል ለሚለኝ ሰው ዋረን ሚለርን አነሳለሁ። ከሙያው ቀደምቶች አንዱ ነው። ከ1946 ወደ 1947 በተሻገረው የበረዶ ወቅት ከጓደኛው ጋር አይዳሆ ውስጥ፣ ሰን ቫሊ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ተጎታች ነበር የከረመው። እኛ ቢያንስ ሞቴል አለን።

ሻንጣ

ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የባትሪው አቅም በዋት ሰዓት ይለካል፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ችግር የለበትም። ከ100 እስከ 160 ያለው ሁለት ብቻ ነው፤ ያውም አየር መንገዱን አስፈቅዳችሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ መንገደኛ ይዞት አይሳፈርም። ባትሪው ላይ ዋት ሰዓቱ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዙት። 14.4 ቮልትና 6.8 አምፒር ሰዓት ከሆነ ወደ 98 ይመጣል፤ ያልፋል። ቁጥሩን በማርከር ጻፉበት። ፈታሿ ስትጠይቃችሁ ስልክ አውጥታችሁ ሒሳብ ስትሠሩ ከኋላ ያለው ሰልፍ ይጠላችኋል። የባትሪዎቹን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑ።

የስኪ ጫማችሁን በእጃችሁ ያዙ። ስኪ ይከራያል፤ እግራችሁን የለመደ ጫማ ግን አይከራይም። ለበረዶ ናዳ የሚለበስ ኤርባግ (ሲሳብ የሚነፋ ቦርሳ) ካላችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ የተሞላውን ሲሊንደር ይዛችሁ አትሳፈሩም፤ ከደረሳችሁ በኋላ ማስሞላት ወይም መከራየት አለባችሁ። እኔ በዚህ ተማርሬ በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ወደሚነፋው ዞሬያለሁ።

ከአገር አገር ብዙ ዕቃ የምታንቀሳቅሱ ከሆነ ኤቲኤ ካርኔ የሚባለውን የጉምሩክ ሰነድ አውጡ። ዕቃውን ልትሸጡት ሳይሆን ሠርታችሁበት ልትመልሱት እንደመጣችሁ የሚመሰክር ወረቀት ነው። ለአንድ ዓመት ያገለግላል። እያንዳንዱ ሌንስ ከነመለያ ቁጥሩ ይሰፍርበታል። ዋናው ነገር ስትገቡም ስትወጡም ማኅተም ማስመታት ነው። እኔ አንዴ አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ሆኖ መውጫው ላይ ሳላስመታ ሮጥኩ። በወረቀት ላይ ካሜራዬ እዚያው አገር ቀረ። ካሜራዋ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ እኔ ለወራት «እነሆ አለች» የሚል ደብዳቤ ስጽፍ ነበር።

ብርድ

ብርድ ባትሪ ይበላል። ሙሉ የነበረው ድንገት ባዶ ነኝ ይላችኋል። ሞተ ብላችሁ አትተዉት። ሰውነታችሁ ጋ አስጠግታችሁ ስታሞቁት ብዙ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። እኔ ከጃኬት ሥር ኪስ ያለው ስስ ሰደርያ አለኝ። ሙሉ ባትሪ በቀኝ፣ ያለቀ በግራ። ይህን ሥርዓት ጨለማ ውስጥም፣ ተናድጄም፣ ነፋስ ዓይኔን ሲያስለቅሰኝም አልቀይረውም። ጀርባ ቦርሳ ውስጥ ያለ ባትሪ ግን እንደሌለ ቁጠሩት።

ስስ ጓንት ከሥር፣ ወፍራሙ ከላይ። ወፍራሙ በገመድ ከእጅ አንጓ ጋር ይታሰር፤ ነፋስ የወሰደው ጓንት አይመለስም። የካሜራውን ቁልፎች ሞቴል ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጓንት ተለማመዱ። አብሮኝ ያደረ ሰው አንዴ እንዲህ ሳደርግ አይቶኝ የምጸልይ መስሎት ቴሌቪዥኑን ቀነሰልኝ።

በካሜራው መመልከቻ ስታዩ ትንፋሻችሁን ወደ ጎን ልቀቁት። መመልከቻው ላይ ከተነፈሳችሁ ጉም ይሆንና ይጋገራል። ሌንስ ላይ የወደቀ በረዶ በአፍ አይነፋም፤ በትንሽ የላስቲክ መንፊያ ወይም በብሩሽ ነው የሚነሳው። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ) በረዶ ላይ ሲተከል የቆመ ይመስላል፤ ትንሽ ቆይቶ ይሰምጣል። መጀመሪያ በአካፋ ቆፍራችሁ፣ በእግር ረግጣችሁ መደብ ሥሩለት። እግሮቹን ሰፋ አድርጋችሁ እስኪነክሱ ተጫኗቸው። ስኪተኛው ሊወርድ ሲል ሚዛኑን እንደገና እዩ። የትራይፖዱ ራስም በብርድ ይደርቃል። ከጠዋት ጀምሮ ወዲያና ወዲህ እያዞራችሁ ካላላችሁት፣ ሰውየው ሲያልፍ እያንቀጠቀጠ ይከተለዋል።

ማታ ወደ ሙቀት ስትገቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የቀዘቀዘ ካሜራ ሞቃት ክፍል ሲገባ ላብ ያልበዋል፤ ውስጡም ጭምር። መፍትሔው ውጭ እያላችሁ አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽጋችሁ ማስገባት ነው። ላቡ ላስቲኩ ላይ ይቀራል። ካሜራው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሁለት ሦስት ሰዓት አትክፈቱት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ካርዱን ላውጣ ብቻ» ብሎ ይከፍተዋል። ስለዚህ ካርዱንና ባትሪውን መኪናው አጠገብ፣ ብርዱ ላይ ቆማችሁ፣ ከመታሸጉ በፊት አውጡ። ካሜራው ሲሞቅ እናንተ ፋይል ትገለብጣላችሁ።

ነጭ ላይ ነጭ

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ ግራጫ መሳብ ይወዳል። ለራሱ ከተዋችሁት በረዶውን አመድ ያስመስለዋል። ካሜራው ከሚላችሁ በላይ አንድ፣ አንዳንዴ እስከ ሁለት ስቶፕ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ብርሃን ጨምሩለት። ብቻ በረዶው ላይ ያለው ዝርዝር እንዳይቃጠል ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የምስሉን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ እዩ። የሸተር ፍጥነት (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) በግምት የፍሬሙ ቁጥር እጥፍ ይሁን፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ አንድ አርባ ስምንተኛ ሰከንድ፣ በ120 ከሆነ አንድ ሁለት መቶ አርባኛ። ፀሐይ ባለበት በረዶ ላይ ይህን ለመጠበቅ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር የግድ ነው።

ደመና ሲሸፍን ጥላ ይጠፋል። ሰማዩና መሬቱ አንድ ይሆናሉ። ያኔ ምስሉ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፤ ስኪተኛው ራሱ የሚያርፍበትን አያይም። ወይ ጫካ ግቡ፣ ወይ ቁጭ በሉ። ጫካ ውስጥ የዛፎቹ ጥቁር ግንድ ለእሱም ለካሜራውም ዓይን ይሆናል።

የማን ግራ?

የሚወረድበትን መስመር ከታች በስልክ ፎቶ አንሱትና አብራችሁ እዩት። ስኪተኛው ፎቶውን ይዞ ይወጣል። አናት ላይ ሲደርስ ግን የሚያየው ሌላ ተራራ ነው። ቁልቁለቱ ከእግሩ ሥር ይታጠፍና ይጠፋበታል። ፎቶው ላይ በቀኝ የነበረው ሁሉ በግራው ይሆናል። እናንተ የእሱ ዓይን ናችሁ።

አንዴ በሬዲዮ «ትንሽ ወደ ግራ» አልኩ። የእኔን ግራ ማለቴ ነበር። ስኪተኛዋ ወደ ራሷ ግራ ሄደች። እኔ ባዶ ቁልቁለት ላይ ሌንሴን ደግኜ ስጠብቅ እሷ ከሸንተረሩ ማዶ፣ ከእኔ ተሰውራ፣ የዓመቱን ምርጥ አወራረድ ወረደች። ድምፁን ሰምቻለሁ። አሁን ደንባችን አንድ ነው፦ ግራና ቀኝ ሲባል ሁልጊዜ የሚወርደው ሰው ግራና ቀኝ ነው። ቢቻል ግን ግራ ቀኝ ባይባል ይሻላል። ምልክት ስጡ። «ጢም ካለው ቋጥኝ ሥር»፣ «ሁለቱ ዛፎች መሃል»። ቋጥኙ ጢም እንዳለው ከታች ሳላችሁ ተስማሙ።

ሰውየው ታች ሲደርስ ቶሎ አታቁሙ። የተነሳው የበረዶ ብናኝ እስኪረግብ፣ ዞሮ የመጣበትን እስኪያይ ያዙት። ለኤዲተር ይህ ወርቅ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

ናዳ

አብዛኛው የበረዶ ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ለፊልም የሚያምረውም እሱው ነው። ስለዚህ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት የናዳ ኮርስ ውሰዱ። ቢከን (የተቀበረ ሰው የሚገኝበት የሬዲዮ ምልክት ማሠራጫና መቀበያ)፣ መፈለጊያ ዘንግ፣ አካፋ። ሦስቱም እናንተ ላይ ይሁኑ፤ መኪና ውስጥ ያለ አካፋ ለማንም አይደርስም። ናዳ የቀበረው ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በጣም ያሽቆለቁላል። አዳኙ በቦታው ያላችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ ከከተማ የሚመጣ የለም።

እኛ ካሜራ ያዦች የተለየ ችግር አለብን። ቢከን የሚሠራው በ457 ኪሎኸርዝ ነው፤ በአጠገቡ ያለ ኤሌክትሮኒክስ ይረብሸዋል። ስልክ፣ ካሜራ፣ ሬዲዮ፣ የሚሞቅ ጓንት፤ እኛ የምንሸከመው ይኸው ነው። ቢከኑ ሲያሠራጭ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ስትፈልጉበት ደግሞ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር አርቁት። የእኔ ቢከን ደረቴ ላይ ነው። ስልኬ ሱሪዬ ኪስ፣ ተዘግቶ።

ጠዋት የናዳውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ። ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ አለው። አራትና አምስት ሲባል ሰው ይፈራል። የሚያታልለው ሦስት ነው፤ መሃል ላይ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሞተው ደረጃው ሦስት በሆነበት ቀን ነው። የካሜራ ቦታ ስትመርጡም ቁልቁለቱ ቢናድ የት ነው የሚያርፈው በሉ። እዚያ አትቁሙ። ምርጡ ቦታ ብዙ ጊዜ ማዶ ያለ ሸንተረር ነው፤ መድረሻው ያደክማል፣ ቢሆንም።

ቶሎ አታቁሙ ያልኩት ለዚህ ነው። ናዳ ቢወስደው ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ነጥብ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ፍለጋው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በካሜራና ፊልም ኩባንያው ስም «የኮዳክ ድፍረት» የሚባል ነገር አለ። ካሜራ ሲያይ ሰው ከልኩ በላይ ይደፍራል። እኔ ለስኪተኛ «አንዴ ድገመው» አልልም። «ከፍ ካለው ብትዘል» አልልም። እሱ «አልወድም፣ ልውረድ በጎን» ካለ ደግሞ ለምን አልጠይቅም። ዘጠኝ ቀን የጠበቅን ቢሆንም።

ሄሊኮፕተር

የሚከፈለው በበረራ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሌንሱ ከመነሳታችሁ በፊት ተገጥሞ ይለቅ። ወደ ጭራው በፍጹም አትሂዱ፤ የጭራው ፕሮፔለር ሲዞር አይታይም። ቁልቁለት ላይ ካረፈ በላይኛው በኩል አትቅረቡ፤ ዋናው ፕሮፔለር ከጭንቅላታችሁ ጋር ይገናኛል። አብራሪው ሳያያችሁ አትንቀሳቀሱ። ስኪውን ትከሻ ላይ አትሸከሙት፣ ወደ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ሲነሳ ቦርሳችሁ ላይ ተኙበት። የሚያስነሳው በረዶ ሁሉ ነገር ውስጥ ይገባልና የሌንሱን ክዳን ቀድማችሁ ግጠሙ።

የመቀመጥ ቀን

ሰማዩ እስኪገለጥ ሞቴል ውስጥ የምትቀመጡበት ቀን ነው። አንድ ክፍል፣ አራት ሰው፣ ስምንት እርጥብ ጫማ። ሽታውን አልገልጸውም። ከቤት ሁለት ዲቫይደር ይዛችሁ ሂዱ፤ የክፍሉ ሶኬት ለቻርጀርና ለጫማ ማድረቂያ አይበቃም። ማን የትኛውን ሶኬት እንደሚይዝ የመጀመሪያው ማታ ይወሰን። በስድስተኛው ቀን የሚነሳ ጠብ ከሶኬት ነው የሚጀምረው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ብቻ ተነስቶ ሰማዩን ይይ። ሌላው ይተኛ። ተራ ግቡ።

ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑረው። ሁለቱ ሃርድ ዲስክ በአንድ ቦርሳ አይደሩ፤ አንዱ ሌላ ሰው ክፍል ይሂድ። ሁለተኛው ቅጂ ተከፍቶ ሳይታይ ካርድ አይጸዳም። የሞላ ካርድ መያዣው ውስጥ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣል። ፎልደሩ ቀን፣ ቦታ፣ የስኪተኛው ስም። «አዲስ 2» የሚባል ፎልደር ያገኘሁበትን ረዳት እራት አስከፍዬዋለሁ።

መኪና የምትነዱ ከሆነ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሮጀርስ ፓስ ላይ ናዳውን ቀድሞ ለማውረድ በመድፍ ይተኮሳል። ያኔ አውራ ጎዳናው ይዘጋል። ሰዓታት ልትቆሙ ትችላላችሁ። ነዳጅ ሙሉ፣ ብርድ ልብስ፣ ምግብ፣ ፔርሙዝ። በቱቦ የሚጠጣ የውሃ ከረጢት አትያዙ፤ ቱቦው ይጋገራል።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ብቻ፦ ውሉ ላይ የመቀመጥ ቀን ስንት እንደሚከፈል ይጻፍ። ካልተጻፈ ባዶ ነው። የተራራ ላይ ማዳንን የሚሸፍን ኢንሹራንስም ግቡ።

ወቅቱ አልቆ ቤት ስትገቡ ከሁሉ በፊት የቢከኑን ባትሪ አውጡት። እኔ አንድ ዓመት ረስቼው በኖቬምበር ስከፍተው ባትሪው ፈስሶ የውስጡን ብረት በልቶታል። አዲስ ገዛሁ። አሮጌውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ አዲስ ረዳት ሲመጣ አውጥቼ አሳየዋለሁ።